ከአሜሪካ በፌስታል የመጣው የሆድ ድርቀት ካፕሱል፦ ልዋጠው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። 31 ዓመቴ ነው፣ ታይዋን ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሆዴ ድርቅ ብሏል። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቀመጥ ነው። ሆዴ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል፤ ሲወጣልኝ ቀለል ይላል። በየሦስት ቀኑ ማታ ሁለት ቢሳኮዲል የሚባል የሆድ ድርቀት ክኒን እውጣለሁ። ሐኪም አይ ቢ ኤስ የሚባል የአንጀት ሕመም ነው ብሎኛል። ለደም ማነስ አይረንም እወስዳለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሊናክሎታይድ የሚባል፣ 290 የሚል ካፕሱል በፌስታል ጠቅልላ ላከችልኝ፤ ወደ 40 ፍሬ ይሆናል። ከቢሳኮዲል ይበልጣል ወይ? አንጀቴ ይለምደዋል? ልዋጠው? ቅዳሜና እሑድ በርጫ አለ፣ አልዋሽህም።»

አቦ፣ የመጨረሻዋን መስመር ወድጃታለሁ። ድሬ ላይ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ የለመድኩት ነገር አለ። ስለ ሆድ ድርቀት የሚጠይቀኝ ሰው ስለ ጫቱ የሚነግረኝ ሂሳቡን ከፍሎ፣ በሩ ጋ ደርሶ ነው። «ትንሽ ትንሽ ደግሞ እቅማለሁ» ይልና ውልቅ ይላል። አንቺ ቢያንስ ከነጥያቄው ላክሽው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ያንን ካፕሱል አትዋጪው። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ላንቺ ዓይነት ችግር ታስበው ከተሠሩት ጥሩዎቹ አንዱ ነው። ያበላሸው ፌስታሉ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ይበልጣል ወይ?» ብለሻል። ይህን ጥያቄ በየቀኑ እሰማዋለሁ። «ጠንከር ያለ የለህም?» ይሉኛል፣ በርበሬ እንደሚመርጥ ሰው። የሆድ ድርቀት መድኃኒቶች ግን በጥንካሬ አይሰለፉም። አንዱ የሚነካውን ቦታ ሌላው አይነካውም። መጀመሪያ ያንቺ አንጀት የቱ ጋ እንደተያዘ ማወቅ አለብን።

አንጀት በቀን ወደ 9 ሊትር ፈሳሽ ይቀበላል። የጠጣነው፣ ምራቁ፣ የጨጓራና የሐሞት ፈሳሹ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ሽንት ቤት የሚደርሰው ግን ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም። ቀሪውን መልሶ ይመጥጠዋል። ውኃ በፈረቃ እንደሚያገኝ ሰው ነው፣ ጠብታ አያባክንም። ሰገራው በቆየ ቁጥር ይመጠጣል፤ በተመጠጠ ቁጥር ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ደግሞ ይብስ ይቆያል። ችግሩ ከውኃው ሊጀምር ይችላል። የአንጀቱ ግፊት ደክሞም ሊሆን ይችላል። ታች ያለው በር አልከፈት ብሎም ይሆናል። ወይም የአንጀቱ ነርቭ ተቆጥቶ፣ ሌላው ሰው የማይሰማውን ትንሽ ጋዝ እንደ ቢላ ያሰማሻል። አይ ቢ ኤስ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ሲጨመርበት ነው።

ተራ የሆድ ድርቀትና ድርቀት ያለበት አይ ቢ ኤስ የሚለዩት በዋናነት በሕመሙ ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት በ2016 የታደሰ መስፈርት አለ፣ የሮም መስፈርት ይባላል። ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሆድ ሕመም መኖር አለበት ይላል። ሕመሙም ከሦስት ነገሮች ቢያንስ ከሁለቱ ጋር መያያዝ አለበት፦ ከመጸዳዳት፣ ከምትጸዳጂበት ድግግሞሽ መለወጥ፣ ከሰገራው መልክ መለወጥ። አንቺ «ይቆርጠኛል፤ ሲወጣልኝ ቀለል ይላል» ስላልሽ የሐኪምሽ ግምት ከዚህ ጋር ይሄዳል። እኛ አገር ሆድ የነካው ሁሉ ወይ ጨጓራ፣ ወይ አሜባ፣ ወይ ብርድ ይባላል። ስሙን በትክክል ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ቢሳኮዲል። ይህ መድኃኒት ሲዋጥ ተኝቶ ነው የሚጓዘው። የሚነቃው ትልቁ አንጀት ሲደርስ ነው። እዚያ የአንጀቱን ነርቭ ቆንጠጥ ያደርገዋል። አንጀቱ ይጨማደዳል፣ ውኃም ይለቃል። ከተዋጠ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ እንዳይቀልጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ደንበኛዬ ግን «ሆዴን እንዳይነካኝ» ብሎ በግመል ወተት ይውጠው ነበር። ወተትና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ ደግሞ ያንን ሽፋን ያለጊዜው ያቀልጡታል። ሌሊቱን ሆዱን ይዞ ሲገላበጥ አደረ። በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ አይታኘክም፣ አይሰበርም።

ያንቺ ችግር ያለው አወሳሰድሽ ላይ ነው። ሁለት ፍሬ በአንዴ ስትውጪ አንጀትሽ ተጠራርጎ ይወጣል። ባዶ የሆነ ትልቅ አንጀት እንደገና እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። አንቺ በሦስተኛው ቀን «ይኸው ደረቀብኝ» ብለሽ ትደግሚያለሽ። ገና የሚወጣ ነገር ሳይኖር! ነርቩ ለተቆጣ አንጀት ደግሞ ይህ በየሦስት ቀኑ በአለንጋ እንደመቀስቀስ ነው። ቁርጠትሽ ከፊሉ ከሕመሙ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ቢመጣ አይገርመኝም።

«አንጀቴ ይለምደዋል?» ለሚለው፦ አንጀት ሰነፍ ይሆናል፣ ለዘላለም ይሞታል የሚለው ወሬ ከማስረጃው በላይ ገኗል። በ2023 ሁለት የአሜሪካ የሆድ ዕቃ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ ውስጥ ቢሳኮዲል አለበት። ግን ቦታ ቦታ ሰጥተውታል፤ በየቀኑ ከሆነ እስከ አራት ሳምንት፣ አለበለዚያ ሌላው መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር እንደ መጠባበቂያ። አብዝቶ የሚወስድ ሰው ከሰገራው ጋር ፖታሲየም ያጣል። ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። ሰናመኪም ያው የዚሁ ዘመድ ነው። ከገበያ በእፍኝ የሚሸጥ ቅጠል ስለሆነ የዋህ እንዳይመስልሽ፤ ይልቁንም ስንት ሚሊግራም እንደጠጣሽ አታውቂም።

ሁለተኛው ቡድን ውኃ የሚስብ ነው። ላክቱሎስን ታውቂዋለሽ፣ ያ ጣፋጭ ሽሮፕ። አንጀት የማይመጥጠው ስኳር ነው። ውኃ ይዞ ይወርዳል፣ ሰገራውን ያለሰልሳል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ስለሚፈጅ ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ በማግስቱ ይጥለዋል። ለነፍሰ ጡርም ለሽማግሌም ብዙ ጊዜ ይታዘዛል። ላንቺ ግን አልመርጠውም። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያንን ስኳር ያብላሉታል፣ ጋዝ ይወጣዋል። የሚነፋ ሆድ ላይ ጋዝ መጨመር ነው።

ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባለው ዱቄት ይሻላል። ባክቴሪያ አያብላላውም። የተለመደው መጠን 17 ግራም ነው፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ በቀን አንዴ። ያው የ2023ቱ መመሪያ በጣም ካጠነከራቸው አንዱ ይህ ነው። የሆድ ሕመሙን ብዙም አያስታግስም፤ ድርቀቱን ግን ይፈታል። ማግኒዢየም ያለበት ነጭ ፈሳሽም ሰገራ ያለሰልሳል፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ያለ ሐኪም አይንካው።

እሺ፣ የአክስትሽ ልጅ መድኃኒት።

ሊናክሎታይድ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2012 ነው። አሠራሩ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አንዳንዱ ዓይነት መርዝ ያመነጫል። መንገደኛን በማያውቀው አገር ተቅማጥ የሚያስይዘው ያ ነው። መርዙ የአንጀት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ቁልፍ ነክቶ «ውኃ ልቀቅ» ያሰኘዋል። ሊናክሎታይድ የተሠራው የዚያን መርዝ ቅርጽ ተከትሎ ነው። ያንኑ ቁልፍ ይነካል፣ በልክ። አንጀቱ ክሎራይድና ውኃ ወደ ውስጥ ይለቃል፣ ሰገራው ይለሰልሳል፣ ጉዞውም ይፈጥናል። ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም። ሥራውን እዚያው አንጀቱ ውስጥ ጨርሶ ይፈርሳል።

ቢሳኮዲል የሌለው ነገር ይህ ነው፦ ሊናክሎታይድ ሕመሙንም ይነካል። ያው ቁልፍ ሲነካ የሚፈጠረው ነገር የሕመም ነርቮቹን ያበርዳቸዋል። ድርቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት መፈታት ይጀምራል። ሕመሙና መነፋቱ ግን በዝግታ ነው የሚቀንሰው፣ ሁለት ሦስት ወር ድረስ። በሁለተኛው ሳምንት «ሆዴ አሁንም ይቆርጠኛል» ብሎ የሚያቆም ሰው ጥሩውን ነገር ሳያይ ነው የሚያቆመው።

290 ማይክሮግራም የአይ ቢ ኤስ መጠን ነው። ለተራ ድርቀት 145 ወይም 72 ነው የሚታዘዘው። የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፣ ከቁርስ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ። ቅባት የበዛበት ቁርስ፣ ለምሳሌ ቅቤ የጠጣ ፍርፍር፣ ላዩ ላይ ከተበላበት መሮጫ ያሳጣል። ዋናው ጉዳቱም እሱ ነው፣ ተቅማጥ። በጥናቶቹ ላይ መድኃኒቱን ከወሰዱ የአይ ቢ ኤስ ታማሚዎች ከ5 ሰው 1 ያህሉን አስቀምጧል። ጨርቅ እየለካሽ ሳለ እንዲህ ቢመጣብሽ አስቢው። ድሬ ላይ ደግሞ በሙቀት ላይ ተቅማጥ ቶሎ ይጥላል። ልጆችሽ እንዳያገኙት፤ ትንሽ ልጅን ፈሳሹን ጨርሶ ክፉኛ ሊያደርቀው ይችላል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭራሽ ክልክል ነው።

ታዲያ ለምን ከለከልኩሽ? ይህ ካፕሱል እርጥበትና ሙቀት አይወድም። የሚሸጠው በራሱ ጠርሙስ፣ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ተደርጎበት ነው። መለያው ላይ ወደ ሌላ ዕቃ አይገልበጥ፣ 25 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጥ፣ ለመንገድ ቢሆን ከ15 እስከ 30 ይፈቀዳል ይላል። ያንቺው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሻንጣ ውስጥ ተጉዞ፣ ግንቦትና ሰኔ 35 ዲግሪ የሚነካ ከተማ ገብቷል። አቅሙ ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታይም። ዕለቱ ያለፈበት ይሁን አይሁንም አይታወቅም፤ ጠርሙሱ የለማ። ከነጠርሙሱ፣ ከነማዘዣው ቢመጣና ሐኪምሽ ቢስማማ ሌላ ወሬ ነው። ደግሞ 40 ፍሬ የ40 ቀን ነው። ሕመሙ መቀነስ ሲጀምር ሊያልቅብሽ ነው።

በዚያው ዓለም ያሉትን ሌሎቹን ባጭሩ፦ ሉቢፕሮስቶን ከ2006 ጀምሮ አለ። በሌላ በር ገብቶ ውኃ ያስለቅቃል፣ ማቅለሽለሽ ስላለው ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ፕሩካሎፕራይድ ግን ውኃውን ትቶ ግፊቱን ነው የሚነካው። የሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶው ያህል ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ ይህ መድኃኒት ያንን የሴሮቶኒን ቁልፍ ነክቶ አንጀቱን ያንቀሳቅሰዋል። አንጀታቸው ለዘገየባቸው ሰዎች ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራስ ምታት ያመጣል። ከሱ በፊት ሲሳፕራይድ የሚባል ነበር፤ የልብ ምት እያዛባ በ2000 ከገበያ ወጣ። አዲሱ የሚነካውን ቁልፍ መርጦ ነው፣ እንደዚያኛው አይደለም።

ለቁርጠቱስ? ሃዮሲን ወይም ሜቤቨሪን ይታዘዛል። ሃዮሲን ጥምዝምዙን ያላላል፣ ግን እያላላ ድርቀቱን ሊያብሰው ይችላል። አሚትሪፕቲሊንም አለ፣ ማታ በ10 ሚሊግራም የሚጀመር። «ያበድኩ መስሎት የጭንቀት መድኃኒት አዘዘልኝ» ብለው ማዘዣውን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውረውልኝ የሄዱ ሰዎች አሉ። በዚህ መጠን የሚሰጠው የአንጀትን የሕመም ነርቭ ለማብረድ ነው። በ2023 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ትልቅ ሙከራ ለአይ ቢ ኤስ እንደሚረዳ አሳይቷል። እሱም ግን ያደርቃል። ስለዚህ ተቅማጥ ለሚበዛበት አይ ቢ ኤስ ይበልጥ ይመቻል፤ ላንቺ የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም።

መድኃኒት የማይፈታውም አለ። አንዳንድ ሰው ሲያምጥ የፊንጢጣው ጡንቻ መላላት ሲገባው ይጨብጣል። በሩን እየዘጉ መግፋት ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ የጀመረሽ መሆኑ ይህን አስታውሶኛል። ሰገራው ለስላሳ ሆኖም የማይወጣ ከሆነ፣ ወይም በጣት መርዳት ካስፈለገሽ፣ አትፈሪ፣ ለሐኪምሽ ንገሪው። የሚረዳው የጡንቻ ልምምድ ነው፤ ክኒን ብትጨምሪ ትደክሚያለሽ እንጂ።

አሁን ያሳሰበኝን ልንገርሽ። አይረን። አይረን ራሱ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራም ያጠቁራል። ድርቀትሽ የጀመረው ከወሊድ በኋላ ነው፤ አይረኑስ መቼ ጀመረ? ቀኑን ካስታወስሽ ግማሹ መልስ እዚያ ሊሆን ይችላል። በራስሽ ግን አታቁሚው። አንዳንድ ሐኪም አንድ ቀን እያለፉ እንዲወሰድ ያደርጋል፤ ሆድን ቀለል ይለዋል፣ ሰውነትም በደንብ ይመጥጠዋል።

ትልቁ ጥያቄ የደም ማነሱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ከወር አበባ ሊሆን ይችላል፣ ከወሊዱም። የሆድ ድርቀት ካለበት ሰው ላይ ግን ዝም ብሎ አይታለፍም። ሰገራሽ ላይ ደም አይተሻል? ሳትፈልጊ ከስተሻል? ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ቤተሰብ ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር አለ? አንዱ እንኳ ካለ አይ ቢ ኤስ ነው ተብሎ አይተኛበትም። ደሙን «ኪንታሮት ነው» ብሎ ማለፍም የተለመደ ስሕተት ነው። የታይሮይድና የስኳር ምርመራም ጠይቂ። ሆድ ድንገት እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ሰገራም ጋዝም አልወጣ ብሎ፣ ማስመለስ ከመጣ ደግሞ ቢሳኮዲል አይነካም። አገራችን ውስጥ የአንጀት መጠምዘዝ ብዙ ሰው ይይዛል። በባጃጅ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

በርጫውስ? እንድታቆሚ ልሰብክሽ አይደለም፤ ድሬ ላይ ሰባኪ አይሰማም። ግን የሚያደርገውን እወቂው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ሰውነትን ለሩጫ ያዘጋጀዋል። ለሩጫ የተዘጋጀ ሰውነት ደግሞ አንጀቱን «ቆይ አንተ» ይለዋል። ጨጓራም ምግብ ቶሎ እንዳያሳልፍ ያዘገየዋል። አፍሽን ጭምድድ የሚያደርገው ታኒንም አለ። ምሳ በልተሽ ገብተሽ እራት አትበዪም። አራት አምስት ሰዓት ቁጭ ነው። እስቲ አንድ ነገር ሞክሪ። የሆድሽን ቀን በወረቀት ጻፊ። ሰኞና ማክሰኞ ከሌላው ቀን የሚብስ ከሆነ ወንጀለኛው ተያዘ። ካልተለየ ደግሞ እኔም አፌን እዘጋለሁ።

ስትጽፊ የሰገራውን መልክም ቁጥር ስጪው። በ1997 ብሪስቶል ከተማ የተሠራ መለኪያ አለ። 1 ማለት እንደ ፍየል በጠጥ የተበታተነ ነው። 4 ለስላሳና ረዘም ያለ ነው፤ የምንፈልገው እሱን ነው። 7 ውኃ ነው። ሐኪም ፊት «ደረቀብኝ» ከማለት «ሦስት ሳምንት ሙሉ 1 እና 2» ማለት ብዙ ይሠራል።

እስከዚያው፦ ሐኪምሽ ከተስማማ ያንን ዱቄት በየቀኑ ጀምሪ። ሦስተኛው ቀን ምንም ካልመጣ ብቻ ቢሳኮዲል፣ ያውም አንድ 5 ሚሊግራም። የተፈጨ ተልባ በውኃ መጠጣት ይጠቅማል፤ በማንኪያ ጀምሪና በዝግታ ጨምሪ። ውኃ ሳይጠጡ ተልባ ማብዛት ግን ሆድ ውስጥ ጭቃ ማቡካት ነው። ፉርሽካ ብዪ የሚሉሽን አትስሚ፤ አይ ቢ ኤስ ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ ያስነፋዋል። ፓፓያና ዘይቱን ግን እዚሁ ገበያሽ ውስጥ ናቸው።

አንድ የቀረኝ ሱቁ ነው። ገበያ ውስጥ ሰገራሽ መጥቶ ትይዢዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ደንበኛ ፊት ቆሞ ማን ይተዋል። ስሜቱ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ ሰገራው ግን እዚያው ሆኖ መድረቁን ይቀጥላል። አንጀት በራሱ የሚነሳበት ሰዓት ጠዋት ነው፣ ቁርስና ቡና ከገባ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት። ከቤት 20 ደቂቃ ዘግይተሽ ውጪ። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ካለሽ እሰየው፤ የወንበሩ ከሆነ እግርሽ ሥር ዝቅ ያለች በርጩማ አድርጊ። ስልክሽን ውጭ ተዪው።

ካፕሱሎቹን ለሌላ ሰው አትስጪ፣ ሽንት ቤትም አትጣያቸው። ቅርብሽ ላለ ፋርማሲ ውሰጂና እንዲያስወግዱልሽ ስጫቸው። የአይረኑን ቀንና የሦስት ሳምንቱን ቁጥር ይዘሽ መጀመሪያ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፤ ያለሽን ደግሞ ጻፊልኝ።